የለጋ ኮክ ግንድ ሲታመም፦ ምርመራውና አያያዙ

ኮክ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎም ይሞታል። በተተከለ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዓመታት ከሚደርስበት ጉዳት ብዙው የሚጀምረው ግንዱ ላይ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ከፍታ ባለው ክፍል ነው። ጉዳቱ ቅጠል ላይ እስኪታይ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ባለቤቱ መጀመሪያ ውሃ ያጠጣል፤ አልሆን ሲለው መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ግንዱን ጎንበስ ብሎ የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል።

የተጻፈው ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ አራት ዓመት ለሆኑ ዛፎች ነው፤ በደጋና በወይና ደጋ ጓሮ ከፍሬ ለበቀለው የአገር ኮክም፣ ከችግኝ ጣቢያ ለተገዛው የተዳቀለ፣ ማለትም በሌላ ዛፍ ሥር ላይ ለተገጠመው ኮክም ይሠራል። በአሜሪካና በእስራኤል ለሚተክሉ አንባቢዎች እዚያ የሚያጋጥመው ነፍሳት ስለሚለይ ወደ መጨረሻው ለብቻው ተቀምጧል።

ሙጫ በሽታ አይደለም

ኮክና ዘመዶቹ፣ ማለትም ፕለም፣ አፕሪኮትና ቼሪ፣ ሲጎዱ ሙጫ ያወጣሉ። ዶማ ሲነካው ሙጫ፣ ትል ሲገባበት ሙጫ፣ ሥሩን ውሃ ሲያንቀው ሙጫ፣ ውርጭ ሲመታው ሙጫ ነው። ስለዚህ «ኮኬ ሙጫ ያወጣል፣ ምን ልርጭበት?» ለሚለው ጥያቄ ማንም ትክክለኛ መልስ ሊሰጥ አይችልም። መጠየቅ ያለበት ሙጫው ከየት ቦታ ወጣ፣ ንጹሕ ነው ወይስ የተቀላቀለበት ነገር አለ፣ ከሥሩ ያለው ልጥ ደግሞ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል የሚለው ነው።

ልጡን ማወቅ የግድ ነው። ከደረቁ የውጭ ቅርፊት ቀጥሎ ያለው እርጥቡ፣ ገመድ ሲፈለግ የሚላጠው ክፍል፣ ቅጠል የሠራውን ምግብ ወደ ሥር ያወርዳል። ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው ግን በውስጠኛው እንጨት ነው። ልጡ ዙሪያውን ከተቆረጠ ውሃው መውጣቱን ስለማያቆም ቅጠሉ ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ሥሩ ግን ይራባል። ከቁስሉ በላይ ግንዱ እያበጠ፣ ከቁስሉ በታች እየቀጠነ ከሄደ የሆነው ይኸው ነው። ገመድ ተረስቶበት ለወራት ደህና መስሎ የቆየ ዛፍ በአንድ ሳምንት ሙቀት ድንገት የሚደርቀውም ለዚህ ነው።

ለምርመራ የሚያስፈልገው

ስለታም ትንሽ ቢላ ወይም ሰንጢ፣ አፈር ለመጥረግ የእጅ አካፋ ወይም ጠንካራ ማንኪያ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ሽቦ፣ የማይለቅ ማርከር። ቢላውን ለማጽዳት 70 በመቶ አልኮል ይበቃል። አልኮል ከሌለ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው ቢላውን ጥቂት ደቂቃ ይንከሩት፤ በረኪና ብረት ስለሚበላ ሥራው ሲያልቅ በውሃ አለቅልቀው ያድርቁት። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሄዱ ሳያጸዱ አይንኩ።

የምርመራው ደረጃዎች

1. አፈሩን ይግለጡ። በግንዱ ዙሪያ ያለውን አረም፣ ጉዝጓዝና ፍግ ያንሱ። ከዚያ አፈሩን በጣትና በማንኪያ ቀስ እያሉ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይጥረጉ። የሚፈልጉት ግንዱ ወደ ሥር ሲለወጥ ሰፋ የሚልበትን ቦታ ነው። ጤነኛ አተካከል ከሆነ ይህ ቦታ ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የተዳቀለ ከሆነ ደግሞ መገጣጠሚያው ከመሬት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። አሥር ሴንቲ ሜትር ወርደው ግንዱ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ዛፉ በጥልቀት ተተክሏል፣ ወይም አፈር ተከምሮበታል። ብዙ ጊዜ ምርመራው እዚሁ ላይ ያልቃል።

2. ግንዱን ይነቅንቁ። በደረት ቁመት ይዘው በዝግታ ወደ አራቱም አቅጣጫ ይግፉ። አፈሩ ግርጌው ላይ ከተሰነጠቀና ግንዱ እንደ ምሰሶ ከዋለለ ሥሩ በስብሷል፣ በፍልፈል ተበልቷል፣ ወይም ከመጀመሪያውም አልተዘረጋም። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየ ችግኝ ሥሩ ታችኛው ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ ሲተከል ካልተፈታ እዚያው እንደተጠቀለለ ይወፍራል።

3. በብሩሽ ያጥቡ። ሙጫውን በትንሽ ውሃ አርጥበው ይጥረጉት። ሙጫው ውስጥ ሰጋቱራ ወይም የትል ኩስ ካለ በነጭ ሳህን ላይ ሲያደርጉት በግልጽ ይታያል።

4. ልጡን ይፈትኑ። በቢላው ጫፍ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቦታ ላይ የውጩን ቅርፊት ብቻ ላጥ ያድርጉ። አረንጓዴ ወይም ክሬም ሆኖ እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማ ወይም ደረቅ ከሆነ ሞቷል። ከቁስሉ ርቀው ከጤነኛው ወገን ይጀምሩና ወደ ቁስሉ ይቅረቡ። በአራቱም ጎን፣ ከዚያም በላይና በታች ይድገሙት።

5. ወሰኑን በማርከር ያስምሩ። ሕያውና የሞተ የሚገናኙበትን መስመር በነጥብ እያያዙ ይክበቡትና ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሞተው ክፍል ከመስመሩ ካለፈ በሽታው እየሄደ ነው፤ መስመሩ ላይ ቆሞ ከዳር አዲስ ሥጋ እየተጠቀለለ ከመጣ ቁስሉ እየዳነ ነው። ጤነኛ ዛፍን ሳያስፈልግ ከመርጨት የሚያድን ቀላል ዘዴ ነው፣ ግን የሚሠራበት ሰው ጥቂት ነው።

6. ያሽቱ። የላጡት ቦታ የኮመጠጠ፣ የጠላ አተላ ዓይነት ሽታ ካለው ባክቴሪያ መጠርጠር አለበት።

ከአፈሩ ወሰን ላይ ጠቁሮ የሚረጥብ ግንድ፦ የውሃ ጉዳት

በአገራችን ደጋ ለኮክ ትልቁ ጠላት ይህ ነው። ምልክቱ፦ ግርጌው ላይ ቅርፊቱ ጥቁር ቡናማና እርጥብ ይሆናል፤ ሲላጥ ከሥሩ ቀይ ቡናማ ቀለም ይወጣል፤ በጤነኛውና በሞተው መካከል ያለው ወሰን በቀለም የተሰመረ ያህል ግልጽ ነው። ሙጫ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ቅጠሉ ያንሳል፣ ገርጥቶ ወይም ቀላ ብሎ ያለ ጊዜው ይረግፋል።

አድራጊው ፋይቶፍቶራ የሚባል፣ ፈንገስ የሚመስል ግን ፈንገስ ያልሆነ ተሕዋስ ነው። ዘሩ በውሃ ውስጥ ይዋኛል። አፈሩ በውሃ ተሞልቶ አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ወደ ሥርና ወደ ግንዱ አንገት ለመድረስ በቂ ጊዜ አለው። ከዚህም ሌላ ውሃው ራሱ ኮክን ይገድላል። በኮክ ሥር ውስጥ በተፈጥሮ ሳያናይድ ሊወጣው የሚችል ንጥረ ነገር አለ፤ አፈሩ አየር ሲያጣ ይህ ንጥረ ነገር ይፈርስና መርዙ እዚያው ሥሩ ውስጥ ይለቀቃል። የኮክ ፍሬ ድንጋይ ተሰብሮ የሚገኘው ለውዝ መሰል ነገር መራራ የሆነው በዚሁ ዘመድ ንጥረ ነገር ነው።

ጥቁሩ ኮትቻ አፈር ላይ ነገሩ ይብሳል። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በለም አፈርና በፍግ ተሞልቶ ኮክ ይተከልበታል። ዙሪያው ሸክላ ስለሆነ በክረምት ጉድጓዱ እንደ እንስራ ውሃ ይይዛል። የተሞላው ለም አፈርም እየሰከነ ችግኙን ይዞት ይወርዳል። ለማጠጫ ተብሎ በግንዱ ዙሪያ የሚሠራው ጎድጓዳ ሲታከልበት ዛፉ ሐምሌንና ነሐሴን ውሃ ውስጥ ቆሞ ያሳልፋል። በዚያን ጊዜ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቅጠሉ ችግሩን አይናገርም። በነሐሴ የታነቀው ዛፍ በኅዳር ፀሐይ ሲደርቅ «ውሃ ጠማው» ይባልና ጭራሽ ይጠጣል።

አያያዙ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ የውሃውን መውጫ ያብጁ። ከዛፉ ከፍ ካለው ወገን የሚመጣውን ጎርፍ የሚያዞር ቦይ፣ ከዝቅተኛው ወገን ደግሞ ከሥሩ ጥልቀት በታች የሚወርድ፣ ቢያንስ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ መውጫ ቦይ ይቆፈር። መውጫ ከሌለው አንገቱን መግለጥ ጉድጓድ ጨምሮ ውሃ መጋበዝ ነውና ቅደም ተከተሉን አያዛቡ።

ከዚያ የግንዱን አንገት እስከ መጀመሪያዎቹ ዋና ሥሮች ድረስ ይግለጡና አየርና ፀሐይ እንዲያገኘው ይተዉት። የበሰበሰውን ልቅ ቅርፊት በቢላ ያንሱ፤ ሕያው ልጥ ላይ ሲደርሱ ያቁሙ። የተገለጠው ቦታ በጋውን ሙሉ ክፍት ይቆይ።

ውሃ ማጠጣት ካስፈለገ ከግንዱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ በቀለበት ቦይ ይሁን። ግንዱ ራሱ መርጠብ የለበትም።

ዛፉ አንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ከሆነና በጥልቀት ከተተከለ፣ ጉዳቱም ከዙሪያው ሩብ ካልበለጠ፣ ነቅሎ ከፍ አድርጎ መትከል ይሻላል። ቅጠሉ ረግፎ በተኛበት ጊዜ፣ ብዙ ቦታ በታኅሣሥና በጥር፣ ከነአፈሩ አንስተው ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ጉብታ ላይ ይትከሉት። ጉብታው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ይኑረው፤ ጠባብ ጉብታ በጋ ላይ ይደርቃል፣ በዝናብም ይሸረሸራል። ወቅቱ ዝናብ የማይዘንብበት ስለሆነ ማጠጣቱን እንዳይረሱ።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ለዚህ ተሕዋስ የሚሠሩት ሜታላክሲልና ፎሴቲል አልሙኒየም ያለባቸው ናቸው። በገበያ የሚገኙት ግን ብዙውን ጊዜ ለድንችና ለቲማቲም ተብለው የተዘጋጁ ስለሆኑ መጠኑን በግምት ወደ ኮክ ማዞር አይገባም፤ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቀው፣ ለፍራፍሬ ዛፍ የሚፈቅድ ጽሑፍ ያለበትን ብቻ ይጠቀሙ። ውሃው ካልተነሣ ግን የትኛውም መድኃኒት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቦታው ለኮክ ይሆን አይሆን ሳይተከል መፈተን ይቻላል፦ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉ። ሲመጠጥ እንደገና ይሙሉና ይለኩ። ሁለተኛው ሙሌት በሰዓት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ ካልወረደ እዚያ ቦታ ያለ ጉብታ ኮክ አይተከልም።

የእጅ ጉዳት፦ ዶማ፣ ማጭድ፣ ገመድ

ከውሃ ቀጥሎ ለለጋ ኮክ አደገኛው ተንከባካቢው ነው። አረም ሲኮተኮት ዶማው ግርጌውን ይነካዋል፤ ሣር ሲታጨድ ማጭዱ ይቀድደዋል፤ ከተማ ውስጥ የሣር ማጨጃ ማሽን ገመድ በየሳምንቱ ያንኑ ቦታ ይገርፈዋል። ቁስሉ ቀጥ ያለና ጠርዙ የተስተካከለ ነው፤ የሚወጣው ሙጫ ንጹሕ፣ የማር ቀለም ያለውና ሲያዩበት የሚያሳልፍ ነው።

ቁስሉ ገና የዛሬ ከሆነና ቅርፊቱ ተንጠልጥሎ ካለ፣ ሳይደርቅ ወደ ቦታው መልሰው ይጫኑት፤ በንጹሕ የፕላስቲክ ቁራጭ ዙሪያውን ጠበቅ አድርገው ያስሩና ፀሐይ እንዳይመታው ይከልሉት። በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ይፍቱት። የቆየ ቁስል ከሆነ ልቅና የሞተውን ብቻ ቆርጠው ጠርዙን ያስተካክሉ፤ ቅርጽ ለማሳመር ሲባል ሕያው ልጥ አይቆረጥም።

ከዚያ ምንም አይቀቡት። እበት፣ ጭቃ፣ የሞተር ዘይት፣ ሬንጅ፣ የዘይት ቀለም አያድኑም። ዛፍ ቁስሉን የሚዘጋው ከዳር አዲስ ቅርፊት እየጠቀለለ ነው፤ የሚቀባው ነገር እርጥበት አፍኖ ከሥሩ ያበሰብሳል፣ ወይም አዲሱን ሥጋ ያቃጥላል። ደረቅና አየር የሚያገኘው ቁስል ይሻላል።

ገመድና ሽቦ ሌላ ጉዳይ ነው። ችግኙ ከድጋፍ እንጨት ጋር በሲባጎ ታስሮ ይረሳል፤ ግንዱ በዓመት ውስጥ እጥፍ ሲወፍር ሲባጎው ወደ ውስጥ ይገባል። ማሰሪያው ለስላሳ የጨርቅ ቁራጭ ሆኖ በግንዱና በእንጨቱ መካከል ተጣምሮ ይታሰር፤ በየሁለት ወሩ ይላላ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ጨርሶ ይነሣ። የተቀበረ ሽቦ ካገኙ በአንድ ቦታ ብቻ ቆርጠው ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ካልወጣ በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ቆራርጠው ይተዉት። እሱን ለማውጣት ልጡን መቦርቦር ከሽቦው የባሰ ጉዳት ነው።

በግርጌው ላይ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ካዩ ከአፈር በታች ይመርምሩ፤ የራሱ ሥር ዞሮ አንቆት ሊሆን ይችላል። የሚያንቀው ሥር ከግንዱ ውፍረት ሲሶ የማይሞላ ከሆነ በመሮ ቆርጠው ያንሱት። ከዚያ የወፈረ ከሆነ ግን ዛፉ ራሱ የሚኖርበት ሥር ሊሆን ስለሚችል ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል።

በአንድ ጎን ብቻ የሰረጎደና የተሰነጠቀ ቅርፊት፦ የፀሐይ ቃጠሎ

ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በምዕራብ በኩል ትመታለች። ስለዚህ ቃጠሎው ደቡብና ምዕራብ ፊት ላይ ነው የሚታየው። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ውርጭ በሆነ ቦታ ቀን የሞቀው ቅርፊት ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ጉዳቱ ይደረባል። በቅርቡ ብዙ ቅርንጫፍ የተገረዘበትና ጥላውን ያጣ ዛፍ በቶሎ ይጠቃል። ቅርፊቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይሰረጉዳል፣ ከዚያ ተሰንጥቆ ይነሣል።

መከላከያው ነጭ ቀለም ነው። ለቤት ውስጥ ግድግዳ የሚሆን ነጭ የውሃ ቀለምና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለው፣ ከመሬት ጀምሮ እስከ መጀመሪያዎቹ ቅርንጫፎች መነሻ ድረስ በብሩሽ ሁለት ጊዜ ይቀቡ። ኖራ ብቻ መቀባትም ይሠራል፤ ዝናብ ስለሚያጥበው ግን በየዓመቱ መስከረም ካለፈ በኋላ መታደስ አለበት። በዘይት የሚሠራ ቀለም ፈጽሞ አይሆንም። ሳይመረመር የተቀባ ግንድ ችግሩን ሸፍኖ ስለሚያቆይ መጀመሪያ ከላይ ያሉትን ደረጃዎች ይጨርሱ። በመጀመሪያው ዓመት ግንዱ ላይ የሚወጡትን ጥቃቅን ቅርንጫፎች ሁሉ አለማንሳትም ይረዳል፤ ጥላ ናቸው።

ሁሉም ስንጥቅ ችግር አይደለም። በፍጥነት ያደገ ግንድ ላይ ቁመቱን ተከትሎ የሚሄድ፣ ሙጫ የሌለው፣ ውስጡ አረንጓዴ የሆነ ቀጭን ስንጥቅ የዕድገት ስንጥቅ ነውና ይለፉት። የበረዶ ምትም በአንድ ወገን ላይ ብዙ ትናንሽ ቁስል ትቶ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል።

ሰጋቱራ ያለበት ሙጫ፦ ቦርቧሪ ትል

ሙጫው ደፍርሶ፣ ሰጋቱራ ወይም የትል ኩስ ተቀላቅሎበት ከሆነ ከሥሩ ትል አለ። ቀዳዳውን ፈልገው ሽቦውን በዝግታ ያስገቡ፤ ለስለስ ያለ ነገር ሲነካ ወጋ አድርገው ያውጡት። መንገዱ ሽቦ የማያስገባ ጠመዝማዛ ከሆነ ቢላውን የግንዱን ቁመት ተከትሎ ወደ ላይና ወደ ታች ያስኪዱ። ወደ ጎን መቁረጥ ልጡን ስለሚበጥስ ትሉ የጀመረውን እርስዎ ይጨርሱታል።

ናፍጣ ወይም ቤንዚን በቀዳዳው ማንቆርቆር የተለመደ ነው። ትሉን ይገድላል፤ ያገኘውን ልጥም ሁሉ ይገድላል።

የመርፌ ራስ የሚያክሉ ብዙ ክብ ቀዳዳዎች ካዩ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው። እነዚህ በአብዛኛው የሚመጡት ቀድሞ ወደደከመ ዛፍ ስለሆነ ዛፉን ያደከመውን ይፈልጉ። ምስጥም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የጭቃ መንገዱን አፍርሰው ከሥሩ ያለውን ልጥ ይፈትኑ። ልጡ ሕያው ከሆነ ምስጡ የሚበላው ደረቁን ቅርፊት ብቻ ነው፤ ደረቅ ጭድና ገለባ ከግንዱ አርቆ ዛፉን በበጋ ማጠጣት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ሌሎች፣ በአጭሩ

የኮመጠጠ ሽታ ያለው፣ ከወሰኑ አልፎ ቡናማ ነጠብጣብ የሚታይበት ቁስል የባክቴሪያ ነው። በቀዝቃዛና እርጥብ ወቅት በመግረዣ ቁስል ይገባል። ስለዚህ ኮክ ዝናብ እየጣለ አይገረዝም፤ በደረቅ ቀን፣ ዝናብ በማይጠበቅበት ሳምንት ይሁን። የተጠቃውን ቅርንጫፍ ከሚታየው ወሰን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ቆርጠው ያቃጥሉት።

ከአፈሩ ወሰን ላይ ወይም ሥሩ ላይ የሚያድግ፣ ሸካራና ክብ እጢ አግሮባክቴሪየም የሚባል የአፈር ባክቴሪያ ሥራ ነው። መድኃኒት የለውም፣ ቆርጦ ማንሳትም አያድነውም። በለጋ ዛፍ አንገቱን ከያዘው ነቅሎ ማቃጠል ነው ያለው። ችግኝ ሲገዙ ሥሩን ማየት የሚያስፈልገው ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ እጢ ያለበት አንድ ችግኝ ካዩ ከዚያ መደብ ሌላውንም አይውሰዱ።

የፍየልና የጃርት ጥርስ ምልክት ማንም አይስተውም። ከግንዱ 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚቆም የእሾህ አጥር ከማንኛውም የሚቀባ ነገር ይበልጣል።

ፍግን ከግንዱ ጋር ማስጠጋትም ራሱን የቻለ ጉዳት ነው፤ ያልበሰለ ፍግ ሙቀትና ጨው አለው። ፍግ፣ ኮምፖስትና ጉዝጓዝ ሁሉ ከግንዱ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

በአሜሪካና በእስራኤል

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በአትላንታ አካባቢ ጓሯቸው ኮክ የተከሉ ሰዎች ግርጌው ላይ ኩስ ያለበት ሙጫ ካገኙ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት የኮክ ግንድ ቦርቧሪውን ነው። ተርብ የምትመስል፣ ቀን የምትበር የእሳት እራት በበጋቸው፣ በተለይ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ እንቁላሏን ግንዱ ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ክሬም ቀለም ያለው፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ትል ከአፈሩ ወሰን ጥቂት ዝቅና ከፍ ብሎ ልጡን ይበላል። ለጋን ዛፍ ዙሪያውን ለመጨረስ አንድ ወይም ሁለት ትል ይበቃል። በመኸርና በጸደይ አፈሩን እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገልጠው በሽቦው ዘዴ ያውጡ። ኬሚካል ለማይፈልግ፣ ስታይነርኔማ ካርፖካፕሴ የሚባለው ጠቃሚ ኔማቶድ (ነፍሳትን የሚገድል ረቂቅ ትል) በመስከረም፣ አፈሩ ሞቅና እርጥብ ባለበት፣ ምሽት ላይ በግርጌው ሲፈስ ጥሩ ይሠራል። መርጨት ለሚፈልግ የካውንቲው (የወረዳው) የኤክስቴንሽን፣ ማለትም የግብርና ምክር ቢሮ የአካባቢውን ትክክለኛ ጊዜ ይነግረዋል።

በጆርጂያ ደግሞ ግንዱ ላይ ከብዙ ትናንሽ እብጠቶች ሙጫ የሚያወጣ ፈንገስ አለ፤ ውሃ የጠማው ዛፍ ላይ ይበረታል። እዚያ ከጥቅምት እስከ ጥር መግረዝ ዛፉን ለውርጭና ለባክቴሪያ ስለሚያጋልጥ እስከ የካቲት ይጠበቃል። ጥንቸልና አይጥ ለሚበሉት ግንድ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሚቆም፣ ከሥር 5 ሴንቲ ሜትር የተቀበረ የሽቦ ወንፊት ያድርጉ።

በእስራኤል ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የኮክ፣ የአፕሪኮትና የአልሞንድ (ዛፍ ላይ የሚያፈራው ለውዝ) ጠላት ካፕኖዲስ የሚባል ትልቅ ጥቁር ጥንዚዛ ነው። እንቁላሉን የሚጥለው በግንዱ አጠገብ ባለ ደረቅ አፈር ውስጥ ነው፤ ትሉ ነጭ፣ ከራሱ ቀጥሎ ያለው ክፍል ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ሲያድግም ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ ሥርና አንገትን ይበላል። አፈሩ እርጥብ ከሆነ አዲስ የተፈለፈለው ትል ሥር ሳይደርስ ይሞታል። ስለዚህ በዝናብ አልባው የበጋ ወራት የጠብታ መስኖው የግንዱን ዙሪያ ጨርሶ ደረቅ እንዳይተው ይደረጋል፤ ውሃው ሳይቋጥር ማለት ነው። ጥንዚዛዎቹን ጠዋት፣ ሳይሞቃቸው ቅርንጫፍ ላይ ሲገኙ መልቀም ለጓሮ በቂ ነው።

ይቆይ ወይስ ይነቀል?

የሞተው ልጥ የግንዱን ዙሪያ ምን ያህል እንደያዘ በክር ይለኩ። ከሩብ በታች ከሆነ መንስኤውን አስወግደው ይተዉት፣ ይድናል። ከሩብ እስከ ግማሽ ከሆነ ዛፉን ያግዙት፦ የዚያን ዓመት ፍሬ ገና በአተር መጠን ሳለ ሁሉንም ያራግፉ፣ ማዳበሪያ በብዛት አይስጡ፣ በበጋ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማጠጣት በልክ እያሰለሱ ያጠጡ፣ ግንዱን ነጭ ይቀቡ። ከግማሽ ካለፈና ዛፉ ገና አንድ ሁለት ዓመቱ ከሆነ አዲስ መትከል ሁለት ዓመት ከማስታመም ይሻላል።

ዙሪያውን ሙሉ ከተላጠ ግን ከቁስሉ በታች ያለው ሥር ጤነኛ ከሆነ አንድ ዕድል አለ። ከቁስሉ ዝቅ ብለው፣ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እንዲቀር አድርገው አግድም ሳይሆን ዘመም ባለ ቁራጭ ይቁረጡት። የሚወጡት ቡቃያዎች 25 ሴንቲ ሜትር ሲደርሱ ጠንካራውንና ቀጥ ያለውን አንዱን አስቀርተው ሌሎቹን ያንሱ። ከፍሬ የበቀለ የአገር ኮክ ከሆነ ያው ዛፍ ይመለሳል። የተዳቀለ ከሆነ ቡቃያው ከመገጣጠሚያው በላይ መውጣት አለበት፤ ከበታች የወጣው ሩትስቶክ የሚባለው የሌላ ዓይነት ሥር ነውና ፍሬው የገዙት ዓይነት አይሆንም። ሦስት ዓመት ያለፈውና ቅርፊቱ የወፈረ ግንድ ቡቃያ ላያወጣ ይችላል። በፖም ላይ እንደሚደረገው ቁስሉን በቅርንጫፍ ድልድይ ማዳቀል በኮክ ላይ እምብዛም አይሳካም።

የነቀሉትን ዛፍ ሥሩን ሳይቀር አውጥተው ያቃጥሉ። በዚያው ጉድጓድ ኮክ፣ ፕለም ወይም ሌላ ዘመዱ አይተከል፤ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቁ። በተለይ እጢ ወይም የአንገት መበስበስ ከነበረበት ቦታውን ለጥቂት ዓመታት ለጎመን ሳይሆን ለገብስ፣ ለስንዴ ወይም ለበቆሎ ይልቀቁት።